ለበራሪ ርግብ የተለቀመ እህል

አንድ እፍኝ የርግብ እህል መዳፍ ላይ ዘርግቶ ማየት ደስ ይላል። ነጭ ማሽላ አለበት፤ ክብ፣ ጫፉ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ያለው። ስንዴ አለበት፤ ወርቃማ፣ ሆዱ ላይ ስንጥቅ የወረደበት። ገብስ ከነልባሱ፣ ሁለት ጫፉ የሾለ። አተር፣ ምስር፣ ጥቂት ፍሬ ፈንዲሻ፣ በመሀላቸው ደግሞ ነጣ ብሎ የሚያብረቀርቅ ሱፍ። እፍኙን ወደ ሌላው እጅ ሲገለብጡት መዳፍ ላይ አቧራ አይቀርም። ስባሪ የለበትም፤ ገለባ የለበትም፤ ነቀዝ የበሳው ፍሬ የለበትም፤ ጠጠር የለበትም። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ አንድ ርግብ አርቢ ቤት ያየሁት እህል እንዲህ ያለ ነበር። ወፎቹን ለማየት ሄጄ እህሉ ላይ ቀረሁ።

ስለ ርግብ ውድድር ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ዘር ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. «ኒው ኪም» የተባለች የቤልጅየም እንስት ርግብ በጨረታ 1.6 ሚሊዮን ዩሮ ስታወጣ ዓለም ያወራው ስለ ዋጋዋና ስለ ትውልዷ ነበር። ዘር ትልቅ ነገር መሆኑን አልክድም። የርግብ ቤት አየርና ንጽሕናም እንደዚያው። ነገር ግን ርግብ ከአዳማ ተነስታ አቃቂ ቤቷ እስክትገባ ድረስ ክንፏ የሚያነደው ነዳጅ ባለፉት ቀናት ከዋጠችው ፍሬ የመጣ ነው። ያንን ፍሬ መርጦ፣ አበጥሮና መጥኖ ማቅረብ ሙያ ነው፤ በዚህ አገር ደግሞ መሣሪያውም ሆነ እጁ ከድሮም አለን።

አርቢው ወጣት ነው። ቀን ፋብሪካ ይውላል፤ ርግቦቹን የሚያገኛቸው ጎሕ ሲቀድና አመሻሽ ላይ ነው። ቤታቸውን ከአሮጌ ኮምፔንሳቶና ከሽቦ ወንፊት ራሱ ሠርቶ ከጓሮው ከፍ አድርጎ ሰቅሎታል። ወፎቹን ጎኑ በተበሳ ካርቶን ይዞ ይወጣና መጀመሪያ ከዱከም፣ ቀጥሎ ከቢሾፍቱ፣ ከዚያ ከሞጆ፣ በመጨረሻ ከአዳማ ይለቃቸዋል። ቱሉ ዲምቱ ላይ የሚጀምረው የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ርግብ አዳማ ወስዶ መልቀቅ የአንድ እሑድ ጠዋት ሥራ ሆኗል። የእህሉ ነገር ግን የእሱ ብቻ አይደለም። መግዛቱ የእሱ ነው፤ ማበጠሩ የእናቱ።

አቃቂ ለዚህ ሥራ የታደለች ናት። ከከተማው ጫፍ ተነስቶ ወደ ቢሾፍቱ የሚዘረጋው መረሬ አፈር ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ ያበቅላል። ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ጥቁሩ አፈር አምቆ ባስቀረው እርጥበት አድገው ያፈራሉ። ቢሾፍቱ ያለው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ስሙ የሚነሳውም በእነዚሁ እህሎች ነው፤ ቁንጮ ጤፍና አረርቲ ሽምብራ ከዚያ የወጡ ዝርያዎች ናቸው። የአረርቲ ፍሬ ነጣ ያለና ወፍራም ነው። ለርግብ ግን ደቃቃዋና ቡናማዋ ሽምብራ ትሻላለች፤ አፍንጫ ያላት የምትመስለዋ።

ገበያ ላይ ወጣቱን ተከትዬው ነበር። ሻጯ ፊት ይቆምና እጁን እስከ ክንዱ ድረስ ማዳበሪያው ውስጥ ይከታል። ከላይ ያለውን እህል ዞር ብሎም አያየውም። የማዳበሪያው ሆድ ሞቅ ካለው እህሉ ሳይደርቅ ገብቷል ማለት ነው፤ እጁን አውጥቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ክንዱ ዱቄት ለብሶ ከወጣ ነቀዝ ሥራውን ጀምሯል። ከሥር ያወጣውን እፍኝ አፍንጫው ሥር ያደርጋል። ሻጋታ የሸተተው በቆሎ ወይም ኦቾሎኒ ምንም ያህል ቢረክስ አይገዛም፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ በመታጠብ አይለቅም፤ ተቆልቶም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በመጨረሻ አንድ ፍሬ በጥርሱ ይሰብራል። ቀጭ ብሎ ከተከፈለ ደርቋል፤ ጥርስ ሥር ከተጠፈጠፈ ገና ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ምስር የየት ነው?»

«የጨፌ ዶንሳ ነው የኔ ልጅ። የዘንድሮ ነው፤ እስኪ ወዙን እየው።»

«የነቀዝ መድኃኒት ነክቶታል?»

«ኧረ በማርያም! የሚበላ እህል ላይ?»

ቢምሉለትም አሸተተው። ለነቀዝ ተብሎ እህል ውስጥ የሚጣለው እንክብል ጋዝ ሆኖ ያልቃል፤ በቂ አየር ካላገኘ ግን ማዳበሪያው ሲፈታ ነጭ ሽንኩርት ወይም የተበላሸ ዓሣ የሚመስል ሽታ ይሰጣል። ይህኛው ንጹሕ ነበር። ሻጯ ለርግብ መሆኑን ሲሰሙ ተገረሙ፤ ለወፍ ይህን ያህል መምረጥ ምንድን ነው አሉት።

«እኛ እኮ እትዬ አጥበን፣ ፈጭተን፣ ቀቅለን ነው የምንበላው። እነሱ እንዳለ ነው የሚውጡት።»

ይህን ሲል ጉዳዩን ሁሉ ጨረሰው። የእኛ ወጥ ቤት ከእህል ጋር ብዙ ጊዜ ይገናኛል፤ ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ይነፋል፣ በእሳት ላይ ይውላል። በየደረጃው አንድ ክፉ ነገር ይወገዳል። ርግብ እነዚህ ሁሉ የሏትም። እንደ አንዳንድ ወፎች ፍሬውን በምንቃሯ ፈልቅቃ ልጣጩን አትጥልም፤ ከነልጣጩ ትውጠዋለች። እህሉ አንገቷ ሥር ባለው ከረጢት ውስጥ ርሶ ይቆይና ጡንቻው ጠንካራ ወደሆነው ጨጓራዋ ይወርዳል፤ እዚያ እሷው ለቅማ የዋጠቻቸው ደቃቅ ጠጠሮች እንደ ወፍጮ ይፈጩታል። ጥርሷም ምድጃዋም ይኸው ነው። የምላሷ የጣዕም ስሜትም ደካማ ነው፤ የሰው ምላስ ሺዎች የጣዕም ነጥቦች ሲኖሩት የእሷ ጥቂት ደርዘን ናቸው። የምትመርጠው በዓይኗና በምንቃሯ ጫፍ ነው፤ በቅርጽ፣ በቀለም፣ በልስላሴ። የሻገተውን ቀምሳ ትተፋዋለች ብሎ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ ለርግብ የሚቀርብ እህል ሰው ከሚገዛው እህል የበለጠ ንጹሕ መሆን አለበት፤ ይህን ስል ማጋነኔ አይደለም።

እናቱ ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀምጠው ሰፌዱን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ አሮጌ ሰፌድ ነው፤ ጠርዙ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ መሀሉ ከብዙ ዘመን የእህል ግጭት የተነሳ ለስልሶ ያብለጨልጫል። መጀመሪያ አበጠሩ። ሰፌዱ ወደ ላይ ሲወረወር እህሉ በአንድነት እንደ አንሶላ ተነስቶ ተመልሶ ይወድቃል፤ በዚያች ቅጽበት ነፋሱ ገለባውንና እብቁን ይዞ ይሄዳል። የሚንቀሳቀሰው ክንዳቸው አይደለም፤ የእጃቸው አንጓ ነው። ነፋሱ ሲደክም ወርውሮውን ከፍ ያደርጉታል፤ ሲበረታ ዝቅ። ይህን ሲያደርጉ ለእኔ ወሬ እየነገሩኝ ነበር።

ቀጥለው አንጠረጠሩ። ሰፌዱን ወደ ፊት ዘንበል አድርገው ጎኑን በመዳፋቸው ቶሎ ቶሎ መታ መታ ያደርጉታል። እህሉ በየምቱ ትንሽ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ጠጠሩ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ምስር የሚያክል ጠጠር ከምስር እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ መልካቸው ቢመሳሰልም ሰፌዱ ላይ መንገዳቸው ይለያያል። ጥቂት ምት እንደቆየ በሰፌዱ ላይኛው ጠርዝ አጠገብ ቡናማ የጠጠር መስመር ተሠርቶ አየሁ። ከዚያ አንገዋለሉት። ሰፌዱ ተይዞ በክብ ሲዞር ቀላሉ ሁሉ፣ ቆሽሾ የቀረው ልጣጭ፣ ነቀዝ ባዶ ያደረገው ፍሬ፣ ሳይሞላ የቀጨጨው ስንዴ፣ ተሰብስቦ መሀል ላይ ይከመራል። በሁለት ጣታቸው ከላይ ገፈፍ አድርገው ያወጡታል። ግርዱ ለብቻ፣ ምርቱ ለብቻ።

በዚህ ሁሉ የማይለይ አንድ ነገር ይቀራል። ጓያ። ክብደቱ ከምስርና ከአተር ጋር ይቀራረባል፤ ሰፌድ አያውቀውም። ዓይን ብቻ ነው የሚያውቀው። ቅርጹ ክብ አይደለም፤ እንደ ትንሽ ጥርስ ማዕዘን አለው፤ ቀለሙ ግራጫ ሆኖ ዝንጉርጉር ነው። እናቱ እህሉን ስስ አድርገው ሰፌዱ ላይ ዘረጉና ጣታቸው ዝም ብሎ ይሄድ ጀመር። ቆም አይልም፤ አይመላለስም። ሲደርስበት ብቻ አንዲት ፍሬ ተነስታ ጎን ወዳለው ሲኒ ትገባለች። እኔም ሞከርኩ። እሳቸው ካለፉበት ቦታ አንድም አላገኘሁም፤ እኔ ያለፍኩበትን ግን እሳቸው ደግመው አልፈው ሦስት አወጡ።

የጓያን ነገር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግ ይሆናል። ድርቅን የሚችል፣ ሌላው ሲጠፋ የሚገኝ እህል በመሆኑ ብዙ ቤተሰብ አድኗል፤ ለወራት እሱኑ ብቻ የበላ ሰው ደግሞ እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት በደንቢያና በፎገራ ይህ በሽታ ምን ያህል ተስፋፍቶ እንደነበር በዝርዝር አሳይቷል። በአተር ውስጥ የገባ ጥቂት ጓያ ርግብን በአንድ ቀን አይጥላትም። ግን ርግብ በየቀኑ ከአንድ ማዳበሪያ ነው የምትበላው፤ በሰው ላይ የታወቀውን ጉዳት በወፍ ላይ እስኪታይ መጠበቅ ምን ያስፈልጋል? እናቱን ለምን ይህን ያህል እንደሚደክሙ ስጠይቃቸው፣ «እነሱ ተናግረው አይመልሱት፤ እኛ ነን የምናይላቸው» አሉኝ።

በቃሊቲና በአቃቂ የጥራጥሬና የቡና መጋዘኖች ውስጥ ይህንኑ ዓይን ይዘው የሚውሉ ሴቶች አሉ። ለውጭ ገበያ የሚሄደው ፍሬ በእጃቸው ሥር ያልፋል። የዚህ ሙያ ክፍያና ክብር ከሥራው ጥራት ጋር የሚመጣጠን አይመስለኝም፤ ይህን ሰፌድ ያየ ሰው ሁሉ ተመሳሳይ ነገር የሚል ይመስለኛል።

ወደ እህሎቹ ልመለስ። አንድ አዋቂ ርግብ በቀን 30 ግራም ያህል ይበቃታል፤ ይህም ከክብደቷ አንድ አሥረኛ ያነሰ ነው። በዚህች መጠን ውስጥ ስህተት ቦታ የለውም። ስንዴ ቀላል ነው፤ የሞላና ጠንካራ ይሁን እንጂ የማይስማማት የለም። ማሽላ ግን መምረጥ ይፈልጋል። ነጩን ርግቦች ይወዱታል። ዘንጋዳ የሚባለው መራራ ማሽላ ገበሬው ወፍ እንዳይበላበት ብሎ የሚዘራው ነው፤ ምሬቱን የሚያመጣው ታኒን ፕሮቲኑንም እንዳይፈጭ ይይዛል። ለሌላ ወፍ መከላከያ የሆነውን ለርግባችን ቀለብ ማድረግ ትርጉም የለውም።

በቆሎ ላይ የአርቢው ብልሃት ጎልቶ ይታያል። አውሮፓውያን ለርግብ የሚመርጡት ፍሬው ደቃቅና ክብ የሆነ በቆሎ ነው። የእኛ ገበያ በቆሎ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ የፈረስ ጥርስ የሚመስል ነው፤ ርግብ ታግላ ትውጠዋለች ወይም ትተወዋለች። መፍትሔው መከካት ይመስላል፤ ብዙ ሰውም ይከካል። የተከካ በቆሎ ግን ሆዱ ለአየር ስለሚጋለጥ ቶሎ ይበላሻል፤ ቶሎም ይሻግታል። ይህ ወጣት የበቆሎ ራስ ጫፍ ላይ ያሉት ፍሬዎች ትንንሽና ክብ መሆናቸውን አስተውሏል። በቆሎውን ዓይኑ ሰፋ ባለ ወንፊት ያሳልፈዋል፤ ጠፍጣፋዎቹ ከላይ ይቀራሉ፤ የጫፎቹ ትንንሾች ይወርዳሉ። የወረደው ለርግብ፣ የቀረው ለወፍጮ ቤት። ያ ሲያንሰው ከየሱቁ ፈንዲሻ ይገዛል፤ ለቡና ሥነ ሥርዓት የምናፈነዳው ያው ፈንዲሻ ጥሬውን ለርግብ የተሠራ የሚመስል በቆሎ ነው፤ በአውሮፓ የርግብ ቀለብ ድብልቆች ውስጥም ይገባል።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ግን ሱፉ ነው። በጾም ተፈጭቶ፣ ተጨምቆ፣ ፍትፍት የሚሆነው ሱፍ በርግብ ዓለም የሩቅ በረራ ስንቅ ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ ዘር ሲሰበስብ፣ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መነሻ ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዝግቧታል፤ የሱፍ ብዝኃ ዘር ከሚታይባቸው አካባቢዎች መካከልም ቆጥሯታል። ቤልጅየማዊው አርቢ በሚያምር ከረጢት ታሽጎ የሚገዛውን ነጭ ሱፍ የአቃቂ ልጅ በጣሳ ይገዛዋል። ኑግም አብሮት አለ። ኑግ የዚህችው አገር ልጅ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በየጓሮው ለሚመጡ ትንንሽ ወፎች መመገቢያ ተብሎ ከኢትዮጵያ ይገባል፤ ከመግባቱ በፊት ግን አብሮት ያለ የአረም ዘር እንዳይበቅል በሙቀት ይታከማል። እኛ ለዘይት የምናስበውን እህል ሌላው ለወፍ ብሎ ውቅያኖስ አሻግሮ መግዛቱን ሳስብ፣ ቤታችን ያለውን ሀብት ዞር ብለን ማየት እንዳለብን ይሰማኛል።

ዘይት ያለው ፍሬ ለምን ለሩቅ በረራ? የርግብ ደረት ጡንቻ ለሰዓታት ሲሠራ በዋናነት የሚያነደው ስብ ነው። ሕንዳዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ጄ. ሲ. ጆርጅ በባሮዳ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የርግብን ደረት እየመረመሩ ያሳዩት ይህንኑ ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ግራም ስታርች ግን 4 ብቻ። በሰዓት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ለሚበር አካል ቀላል ሆኖ ብዙ የሚያቀጣጥል ነገር ያስፈልገዋል። ወጣቱ ከሞጆ ወይም ከአዳማ ሊለቃቸው ሲያስብ ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ፈንዲሻውንና ሱፉን ከፍ፣ አተሩን ዝቅ ያደርጋል። ሱፍ ቀድሞ ቢያበዛባቸው ይወፍራሉ እንጂ አይፈጥኑም፤ ጥበቡ የሚሰጥበት ጊዜ ነው። ሲመለሱ ደግሞ መጀመሪያ ውኃ። ርግብ እንደ ዶሮ ቀና እያለች አትጠጣም፤ ምንቃሯን ነክራ ትመጠዋለች፤ ስለዚህ ዕቃው ጠለቅ ማለት አለበት። ከዚያ ገብስና ስንዴ የበዛበት ቀላል ቀለብ፤ አተሩ በማግስቱ ይደርሳል።

ጫጩት ሲኖራቸው ሒሳቡ ይገለበጣል። እንቁላሉ ከ17 እስከ 18 ቀን ይታቀፋል፤ ጫጩቱ ሲወጣ አባትም እናትም አንገታቸው ሥር ካለው ከረጢት ወተት የመሰለ ነገር አውጥተው ያጎርሱታል። አባት የሚያጠባበት እንስሳ ብዙ የለም። ይህ ወተት የፕሮቲንና የስብ ነገር ነው፤ ምንጩ ወላጆቹ የበሉት ነው። በዚህ ጊዜ ይህ ወጣት ከመቶ 35 እጅ አተርና ምስር፣ 25 ስንዴ፣ 20 ማሽላ፣ 15 ፈንዲሻ፣ 5 ሱፍ ያደርጋል። ደምሬ ባየው ፕሮቲኑ 15 በመቶ ገደማ ይመጣል፤ ለጫጩት ጥሩ ነው። ላባ ሲቀይሩ ትንሽ ተልባ ይጨመራል፤ አተሩና ምስሩም ይቀጥላል፤ ላባ የሚሠራው ከፕሮቲን ነውና። የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፣ ጨውና ደቃቅ ጠጠር ግን በማንኛውም ወቅት ከጎን አይጠፋም።

የማይገቡ ነገሮች አሉ፤ ስለ እነሱ መለሳለስ አልፈልግም። ጥሬ ቦሎቄ በፍጹም፤ ያልበሰለ ቦሎቄ ሆድ የሚያቃጥል መርዝ አለው። ግብጦ በፍጹም። ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ምርጥ ዘር በፍጹም፤ ቀለሙ መድኃኒት መቀባቱን የሚያሳውቅ ምልክት ነው። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖም አይሆንም። በየመንደሩ ስላለ ርካሽ ይመስላል፤ ሆኖም ለእንቁላል ቅርፊት ተብሎ ካልሲየም የበዛበት ዱቄት ነው፤ ርግብ ደግሞ ፍሬ እንጂ ዱቄት ልትለቅም አልተፈጠረችም። ግማሹ ወለል ላይ ይቀራል፤ የተቀረው ከአቧራ ጋር አፍንጫዋ ይገባል።

የእህሉ ዝግጅት የቱንም ያህል ቢያምር መጠኑን የሚወስኑት ወፎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ወጣቱም ይህን ለማንበብ የሚጠቀምበት ዘዴ የብዙ የዓለም አርቢዎች ዘዴ ነው። አመሻሹ ላይ ፉጨት ያሰማና በእፍኙ ትንሽ ትንሽ እየበተነ ይመግባቸዋል። መጀመሪያ ምንቃራቸው የሚያርፈው ፈንዲሻውና ሱፉ ላይ ነው። ቀጥሎ አተር፣ ማሽላ፣ ስንዴ። ገብስ የመጨረሻው ነው፤ ልባሱ ይሻክራል፤ ሌላ እያለ አይወዱትም። እሱ የሚያየው ገብሱን ነው። ገብሱን እየለቀሙ ከሆነ ገና ርቧቸዋል፤ ይጨምራል። አንዲት ርግብ ገብስ አንስታ ስትጥል፣ ሌላዋ አልፋው ስትሄድ እፍኙን ይሰበስባል። አይጨምርም። ያን ምሽት አምስት ወይም ስድስት ቀይ ገብስ ወለሉ ላይ ቀርቶ አየሁ፤ እሱም አይቶት «በቃቸው» አለ። ብዙ ሰው ገብስን ርካሽ መሙያ አድርጎ ያየዋል። እዚህ ቤት ገብስ ሚዛን ነው፤ ያለ እሱ ጥጋብን መለካት አይቻልም።

እህሉ ሕያው መሆኑን የሚፈትንበት ሌላ መንገድም አሳየኝ። 100 ፍሬ ስንዴ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀልልና ሙቀት ካለበት ቦታ ያስቀምጠዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ፈትቶ የበቀሉትን ይቆጥራል። 90 ከበቀለ ማዳበሪያው ደህና ነው። በጣም ካነሰ እህሉ አርጅቷል ወይም ሲደርቅ ተቃጥሏል፤ መልኩ የሚያምር የሞተ እህል ነው። እንዲህ ያለው እህል ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ ወደ ርግቦቹ አይሄድም።

የክረምቱ ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። እርጥበት በሚበዛበት ጊዜ በጥር የተገዛ ንጹሕ አተር በሐምሌ ነቅዞ ሊገኝ ይችላል። ሦስት ሽፋን ያለው አየር የማያስገባ ከረጢት ገበያ ላይ አለ፤ ነቀዙን አየር ነስቶ ይገድለዋል፤ ጥሩ ነገር ነው። እናቱ ግን ከእናታቸው የተማሩትን አልተዉም። አተሩን ዕቃ ውስጥ ሲያስቀምጡ ጤፍ ይጨምሩበታል። አንዲት ስንዴ ከ100 በላይ ጤፍ ታክላለች፤ እንዲህ ደቃቅ የሆነ ፍሬ በአተሩና በአተሩ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላዋል። ነቀዝ ከአንዱ ፍሬ ወደ ሌላው የሚሄድበት መንገድ ይዘጋበታል። ርግቦቹ አተር ሲፈልጉ ከዚያ ላይ የሚበቃው ይወጣል፤ በወንፊት ሲነፋ ጤፉ ይወርድና ወደ እንጀራው ዕቃ ይመለሳል፤ አተሩ ከላይ ይቀራል። ወንፊቱን አራግፈው ካበቁ በኋላ እናቱ አተሩን ያለ ፍተሻ አያሳልፉም፤ ሰፌዱ ላይ ዘርግተው አንድ ጊዜ እንደገና ይለቅሙታል፤ ልጃቸውም ለጫጩቶቹ የሚሆነውን በጣሳ ሰፍሮ ይወስዳል።